ከቆርቆሮ እስከ ጊሽጣው ሥር፦ በድሬዳዋ ግቢ ውሃና ከሰል የመቆጠቢያ ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ ኑሮውን ቀለል ለማድረግና ብክነት ለመቀነስ የተነሳ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ችግኝ በመግዛት ነው። ችግኙ ደግ ነው፤ ግን ውሃው አስቀድሞ ካልተያዘ ግንቦት ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ቀዳሚው ውሃ ነው። ምክንያቱ ደግሞ የቧንቧ መቆራረጥ ብቻ አይደለም። የከተማዋ የጉድጓድ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ከባድ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገረው፣ ሳሙና አረፋ አልሰጥ የሚለው፣ ሽምብራ ሲንተከተክ ውሎ ጠጣር የሚሆነው በዚሁ ሳቢያ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ዝናብ ይህ ኖራ የለበትም። ዝናብ ያጠራቀመ ቤት እግረ መንገዱን ከሰልና ሳሙናም ይቆጥባል።

አደላደሉም ከዚሁ ይወጣል፦ የዝናቡ ውሃ ለድስት፣ ለሻይና ለልብስ፤ የቧንቧው ለቀረው ሥራ፤ የታጠበበት ደግሞ ለዛፍ። ሐረር ላይም ነገሩ ብዙም አይለይ፤ የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከድሬዳዋ አጠገብ ከድሬ ጀራ ጉድጓዶች ውሃ እየተሳበ ነው የሚወጣላት።

መጀመሪያ መቁጠር

ምንም ሳትገዙ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ስንት ጀሪካን እንደምትጨርሱና ለምን እንደዋለ በር ላይ በጠመኔ ጻፉ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ መጠጥና ምግብ፣ ልብስ፣ ገላና እቃ፣ ሽንት ቤትና ወለል። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 እስከ 7 ሊትር ብትይዙ ለአምስት ሰው 30 ሊትር ገደማ ይመጣል። ሳምንቱ ሲያልቅ አብዛኛው ውሃ የሚሄደው ወደ ሽንት ቤትና ወደ ልብስ እንደሆነ ታያላችሁ። ዓምዱን ሳያዩ ታንከር የሚገዙ ሰዎች ወይ ከልክ በላይ ይገዛሉ፣ ወይ የዝናቡን ንጹሕ ውሃ ወለል ላይ ይደፉታል።

ቀጥሎ ጣሪያው። የሚለካው የቆርቆሮው ተዳፋት ሳይሆን ጣሪያው መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት ነው። ቤቱ ከነታዛው 8 ሜትር በ5 ሜትር ከሆነ 40 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ከዚያ ላይ በመፍሰስ፣ በመትነንና በመርጨት የሚጠፋውን 20 በመቶ ቀንሱ። ስለዚህ፦

40 ካሬ ሜትር × 10 ሚሊ ሜትር × 0.8 = 320 ሊትር

ይህ ከአንድ ደህና ዝናብ የሚገኝ ነው። የድሬዳዋ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይኸው ጣሪያ በዓመት 19,000 ሊትር ያህል ያወርዳል። ዝናቡ ግን ሁለት ጊዜ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፦ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በልግ፣ ከዚያ ከሐምሌ እስከ መስከረም ክረምት። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት አምስት ወራት ደረቅ ናቸው። ለ150 ቀን፣ በቀን 30 ሊትር ብትሉ 4,500 ሊትር ነው። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ የአምስት ሰው ምግብና መጠጥ በጋውን ሙሉ ያሻግራል ማለት ነው። አቅም ካልፈቀደ በሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜል ጀምሩ፤ 13 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላቸዋል። አሸንዳውን ግን ለትልቁ አስባችሁ ሥሩ። በርሜል በሮቶ መቀየር ቀላል ነው፤ አሸንዳ ነቅሎ መሥራት ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

አሸንዳው

ሥራው የካቲት ላይ ማለቅ አለበት።

ከመሥራት በፊት ጣሪያው ላይ ውጡ። የዛገ፣ አሮጌ ቀለም የሚላጥበት ወይም በእርሳስ ሮንዴላ የተመታ ሚስማር ያለበት ጣሪያ ውሃው ለልብስና ለዛፍ እንጂ ለመጠጥ አይሁን። በላዩ የተንጠለጠለ የኒም ቅርንጫፍ ካለ ይቆረጥ፤ ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል፣ ወፍ ያርፍበታል፣ የወፉ ኩስ ወደ ውሃው ይወርዳል።

የአሸንዳው ሆድ ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሁን ይባላል። ለድሬዳዋ ግን እጥፉን ያዙ፤ እዚህ ዝናብ አጭርና ኃይለኛ ነው። ለ40 ካሬ ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት በ8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ከላሜራ የታጠፈ አሸንዳ ይበቃል።

ተዳፋቱን በዓይን አትመኑ። በሁለቱ ጫፍ ሚስማር ምቱ፣ ውሃ በተሞላ ግልጽ ቀጭን ጎማ እኩል ከፍታውን አግኙ፣ ከዚያ ወደ መውረጃው በኩል በየሜትሩ ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ። ለ8 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ካዘነበለ ታችኛው ጫፍ ከቆርቆሮው በጣም ይርቅና ውሃው በላዩ ዘሎ ያልፋል።

መያዣ ብረቶቹ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ይቀመጡ፤ መጋጠሚያ ላይ አንድ ይጨመር። ቆርቆሮው ወደ አሸንዳው 3 ሴንቲ ሜትር ይግባ። ከውጭ በኩል ባለው ከንፈር ላይ ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የላሜራ ቁራጭ ቀጥ አድርጋችሁ አስሩ። ብዙ ሠራተኛ ይህን «አያስፈልግም» ይላል። ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ከቆርቆሮው እየተወረወረ የሚመጣውን ውሃ መልሶ የሚጥለው ግን ይኸው ቁራጭ ነው። ያለ እሱ በኃይለኛው ዝናብ፣ ማለትም ብዙ ውሃ በሚገኝበት ሰዓት፣ በርካታው ውሃ ግቢ ላይ ይፈሳል።

ሲያልቅ መሰላል ላይ ወጥታችሁ አንድ ጀሪካን ውሃ በላይኛው ጫፍ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። የሚቆም ውሃ ካለ መያዣውን አስተካክሉ። የቆመ ውሃ አሸንዳ ያዝጋል፤ ከዚያም የከፋ ነገር አለው፣ ወደ እሱ እንመጣለን።

የመጀመሪያውን ውሃ መጣል

ከጥቅምት ጀምሮ ቆርቆሮ ላይ የተኛው አቧራ፣ የወፍ ኩስና የድመት ጸጉር በመጀመሪያው ዝናብ ይወርዳል። የወቅቱን የመጀመሪያ ዝናብ ሙሉ በሙሉ ወደ ዛፍ ልቀቁት። ከዚያ በኋላም እያንዳንዱ ዝናብ ሲጀምር ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚሆነው ይጣል።

ሰው ሁልጊዜ ቤት ስለማይኖር ይህን የሚሠራ ቱቦ አስገጥሙ፦

1. ከአሸንዳው የሚወርደውን 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ከሮቶው አፍ ከፍ ብሎ በቲ ክፈሉት።
2. የቲውን አግድም ክንድ በጎሚቶ ወደ ሮቶው ምሩት።
3. ወደ ታች የሚቀጥለውን እግር የቻላችሁትን ያህል አስረዝሙ። የዚህ ቱቦ 1 ሜትር 9 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ 3 ሜትር 27 ሊትር ነው። ቁመት ካጠረ ከታች በጎሚቶ አጥፋችሁ መሬት ላይ በግድግዳው ጥግ አስኬዱት።
4. ጫፉን በሚፈታ ክዳን ዝጉ፤ ክዳኑ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ።

ቆሻሻው ውሃ እግሩን ይሞላል፣ ሲሞላ ቀጣዩ ንጹሕ ውሃ ወደ ሮቶው ያልፋል፤ እግሩ በቀዳዳው እያንጠባጠበ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ይሆናል። የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፦ ቀዳዳው በአሸዋ ይደፈናል። ያኔ እግሩ እንደሞላ ይቀራል፣ የሚቀጥለው አቧራ በቀጥታ ሮቶ ይገባል። ዝናብ ባለፈ ማግስት ክዳኑን ፈትቶ ጭቃውን ማውጣት ለአንድ ልጅ የሚሰጥ ሥራ ነው። በርሜል ብቻ ያለው ቤት ይህን ሁሉ መሥራት አያስፈልገውም፤ መውረጃው ላይ የሚታጠፍ ጎማ አስሮ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ወደ ዛፍ ማዞር ይበቃዋል።

ሮቶውና መቀመጫው

2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነው። በተለይ ወደ ደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች አሸዋማ አፈር ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሮቶ በአንድ ክረምት ያዘነብላል፣ ሲያዘነብል የቧንቧው መጋጠሚያ ይሰነጠቃል። 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ ድንጋይ ደርድራችሁ በደንብ ጠቅጥቁ፣ ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት አፍስሱ። የላዩ ከፍታ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጀሪካን ከቧንቧው ሥር በቀላሉ ይገባል። ቧንቧውን ከሮቶው ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ደለሉ ከታች ይቀራል።

ጥቁር ሮቶ ብርሃን ስለማያሳልፍ አረንጓዴ ሽበት አያበቅልም፤ ፀሐይ ግን ያፈላዋል። የሸንበቆ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ጥላ ሥሩለት። ያገለገለ በርሜል ስትገዙ ምን ነበረበት ብላችሁ ጠይቁ፤ የምግብ ዘይት ይታጠባል፣ የኬሚካል ግን በምንም አይነጻም፣ ለምግብ ውሃ አይውልም።

የሚተርፈው ውሃ መውጫም እንደ መግቢያው ወፍራም ይሁን። ጫፉን ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር አርቃችሁ ወደ ዛፍ ጉድጓድ ስደዱ፤ ግድግዳ ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ መሠረት ይበላል። (በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የሞተበትን የደቻቱ ጎርፍ እያሰበ «ሁሉም ውሃ ቢያጠራቅም ጎርፍ አይመጣም ነበር» የሚል አይጠፋም። ያ ጎርፍ ከላይ ከደጋው የወረደ ነው፤ የግቢ ሮቶ አያስቆመውም። የራሳችሁን ደጅ ከጭቃ ቢያድን ያም ጥሩ ነው።)

ትንኝ፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም

በሚገባ ያልተሸፈነ ውሃ ማጠራቀሚያ ከሚሰጠው ጥቅም ጉዳቱ ይበልጣል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጌ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የተባሉ የትኩሳት ወረርሽኞች አይታለች። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስና በበርሜል፣ በጎማ፣ በአበባ ሳህን ውስጥ የምትራባ ናት። በዚህ ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ከተማዋ ውስጥ ተገኝታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች። ይህችኛዋም ረግረግ አትፈልግም፤ የግቢ ታንከርና በርሜል ይበቃታል። ወባ የገጠር ነው ብሎ መዘናጋት አይቻልም።

በሙቀታችን ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ አንድ ሳምንት ገደማ ቢበቃ ነው። ስለዚህ፦

የሮቶው መግቢያ፣ የትርፍ ውሃው መውጫና የመተንፈሻው ቀዳዳ ሦስቱም ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ወንፊት ይሸፈኑ። አብዛኛው ሰው መግቢያውን ሸፍኖ መውጫውን ይረሳል። በርሜል በነጠላ ሳይሆን በጥብቅ ጨርቅና በላስቲክ ቀለበት ይታሰር፤ ጨርቁ መሐል ላይ ሰርጉዶ ውሃውን ከነካ ትንኟ በላዩ ትጥላለች። በየሳምንቱ በአንድ ቋሚ ቀን የበርሜሉን ውስጥ በብሩሽ ፈትጉ። መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ የደንጌዋ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ወራት ደርቆ ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። የሚወናጨፉ ትሎች ካገኛችሁ ውሃውን ቦይ ውስጥ ሳይሆን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት።

ለመጠጥ

ሮቶውን ከበልግ በፊት አንዴ አጽዱ። ውሃ ሞልታችሁ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር መዓዛ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ፣ ሲያድር በቧንቧው አውጡት። ይህ ውሃ አይጠጣም፣ ዛፍ ላይም አይፈስም።

ለመጠጥ የሚሆነውን ግን በየቀኑ በጀሪካን ነው የሚያክሙት። እንደ ውሃ አጋር ያለውን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ማፍላትም ይሠራል፤ ነገር ግን በየቀኑ ለመጠጥ ውሃ ከሰል ማንደድ ከዚህ መመሪያ ዓላማ ጋር ይጣላል።

የታከመውን ወደ እንስራ ገልብጡ። ውጪው ላይ የሚላበው ውሃ እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። በደረቁ ወራት ፍሪጅ አያስመኝም፤ ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ሲረጥብ ግን ይሰንፋል። ሸክላው መድኃኒቱን ስለሚበላው የአንድ ቀን ብቻ አድርጉበት፣ እጅ እንዳይገባ ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ቅዱ።

ድስቱና ቅርጫቱ

ሽምብራ፣ ቦሎቄና ባቄላ በዝናብ ውሃ ዘፍዝፋችሁ በዝናብ ውሃ ቀቅሉ። ልዩነቱ መጀመሪያውኑ በጣት ይታወቃል፦ በቧንቧ ውሃ የተዘፈዘፈው ሽምብራ ቆዳው ጠንክሮ ሲቀር፣ የዝናቡ በጥፍር ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ቲማቲም ከበሰለ በኋላ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ያጠነክረዋል።

ከዚያ ምድጃው ላይ እስኪበስል መቆየት የለበትም። ድስቱ ገብቶበት በዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር የሚተርፈው ቅርጫት ወይም ካርቶን ፈልጉ። ከሥርና ከዙሪያው ደረቅ የጤፍ ጭድ፣ የማሽላ ገለባ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅጥቁ፤ ለላዩ ጭድ የተሞላ ትራስ ስፉ።

የተዘፈዘፈውን ጥራጥሬ ክዳኑን ገጥማችሁ በኃይል አፍሉት፦ ሽምብራና ቦሎቄ 20 ደቂቃ፣ ምስር ክክ 5 ደቂቃ፣ ሩዝ 5 ደቂቃ። ቦሎቄ ላይ ከ10 ደቂቃ በታች እንዳትወርዱ፤ በደንብ ሳይፈላ በለብታ የቆየ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው። ክዳኑን ሳትከፍቱ ወደ ቅርጫቱ አስገቡ፣ ትራሱን ጫኑበት። ሩዝ በ45 ደቂቃ፣ ምስር በ1 ሰዓት፣ ሽምብራ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይደርሳል። ውሃ ስለማይተን ከለመዳችሁት ሩብ ያህል ቀንሱ።

ድስቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ሙሉ ይሁን፤ ግማሽ ድስት ሙቀት አይዝም። አንዴ ከፍቶ ማየት የአንድ ሰዓት ሙቀት ያስወጣል፣ ልጆቹንም አያቱንም አስጠንቅቁ። ከአምስት ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ ለብ ብሎ የቆየ ምግብ በድሬዳዋ ሙቀት ፈጥኖ ይበላሻል። ከመብላት በፊት አንዴ ይፍላ። ሐረር ላይ በከፍታዋ ምክንያት ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ድሬዳዋ 96 ላይ፤ ስለዚህ ሐረር ላይ ለሽምብራ 5 ደቂቃ ማፍላት ጨምሩ።

ከተራው የብረት ምድጃ ላቀች ወደተባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ መቀየርም ከሰሉን ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ድስቱ ከፈላ በኋላ የአየር በሩን ማጥበብ ካልረሳችሁ ነው እንጂ።

የታጠበበት ውሃ

የልብስና የገላ ውሃ በዚያው ቀን ወደ ዛፍ ይሂድ፤ ሲያድር ይሸታል። የሽንት ጨርቅ የታጠበበት፣ በረኪና ያለበትና ቅባት የበዛበት የእቃ ውሃ አይካተትም። ከዱቄት ሳሙና ደረቅ ሳሙና ይሻላል፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ሶዲየም አፈር ይዘጋል።

ከግንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ዙሪያውን 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ፣ አፈሩን ወደ ግንዱ ከምሩ። ፓፓያ በተለይ ግንዱ ሥር ውሃ ከተኛ ይበሰብሳል። ቦዩን በገረባ፣ ማለትም ከጫት በተረፈው ቅጠልና እንጨት፣ ሙሉት፤ ድሬዳዋ ላይ ከፍየል የተረፈ ገረባ ማግኘት አይቸግርም። አንዳንድ ጫት ላይ ፀረ ተባይ ስለሚረጭ ገረባውም ሆነ ይህ ውሃ ወደ ሰላጣና ቆስጣ መደብ አይድረስ። ለጊሽጣ፣ ለዘይቱን፣ ለሎሚና ለፓፓያ ግን ይሆናል። ከምዕራብ በኩል ያለው ዛፍ የከሰዓቱን ፀሐይ ከግድግዳው ላይ ስለሚወስድ ቦታ ካላችሁ እዚያ ትከሉ።

በየሦስተኛው ጊዜ ጨዉን የሚያጥብ ንጹሕ ውሃ ስጡ። የቅጠሉ ጠርዝ እንደተጠበሰ ቡናማ ከሆነና አፈሩ ነጭ ካበጀ ጨው በዝቷል፤ ሳሙናውን ውሃ ለሁለት ሳምንት አቁሙ። ሎሚው ደግሞ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ ቅጠሉ ቢጫ ካወጣ አፈሩ ኖራ ስለበዛበት ብረት አጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው አመድ ይነሰንስበታል፤ አመድ ኖራውን ያባብሰዋል። አመዱን ለድስት መፈተጊያ አስቀሩት፣ ለሎሚው የበሰለ የፍየል ፍግ ስጡት።